ቲጃኒና የግራዋው ቅጠል

ቲጃኒ የአወቱ መንደራ ሰፈር አናጢ ነበር። ባለ ሦስት እግር በርጩማ ከአንድ የዋንዛ ጉማጅ ፈልፍሎ ሲያወጣ መንገደኛው ቆሞ ያየው ነበር። በሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት ክረምት፣ ለዙሁር ሶላት ውዱእ ሲያደርግ፣ ግራ እግሩን ያጠበበት ውሃ ቀላ። ቢያየው ጫማውን በስቶ የገባ ሚስማር ተረከዙ ውስጥ ተሰብሮ ቀርቷል።

«ማል ኩኒ? ይሄ ምንድን ነው?» አለ። መቼ እንደወጋው አያውቅም። ሲነቅለውም አላመመውም። ያላመመ ቁስል ምን ቁስል ነው ብሎ ተወው።

ቁስሉ ግን ሰፋ፣ ሸተተ። ሽታውን ቀድማ ያወቀችው ሚስቱ ረሺዳ እየጎተተች ሐኪም ቤት ወሰደችው። ሐኪሙ ወልደሰማያት የሚባል ወጣት ነበር።

«ጋሼ ቲጃኒ፣ ደምዎ ውስጥ ስኳር በዝቷል።»

«ስኳር? ከየት መጥቶ? ከቀበሌ ሱቅ እንኳ ከጠፋ ስንት ጊዜው! እኛ ቡናውን በጨው ነው የምንጠጣው።»

ወልደሰማያት ሳቁን ዋጥ አደረገና አስረዳው። በሽታው የእግርን ስሜት ይገድላል፤ ሚስማሩን ያልተሰማው ለዚያ ነው። ኢንሱሊን በየቀኑ ይወጋ፣ ቁስሉ በንጹሕ ውሃ ይታጠብ፣ በእግሩም አይርገጥበት። ቲጃኒ «እሺ» አለ፤ ግማሹም አልገባውም።

ረሺዳ በበኩሏ ከአጥሩ ሥር ግራዋ ቀጥፋ፣ በእሷ አጠራር ኤቢቻ፣ ወቅጣ ቁስሉ ላይ ታደርግለት ጀመር። እናቷ ገጠር ሳሉ የመጥረቢያ ቁስል የሚያድኑት በዚሁ ነበር። ወልደሰማያት አንድ ቀን ፋሻውን ሲፈታ አረንጓዴ ነገር ብቅ አለ። ቲጃኒ ለቁጣ ተዘጋጅቶ አቀረቀረ።

«ግራዋ ነው?» አለ ሐኪሙ። «በዚህ ቅጠል ውስጥ ፍላቮኖይድ የሚሉት ንጥረ ነገር አለ። የቁስል ቁጣ ያበርዳል፣ ሥጋም እንዲሞላ ይረዳል ብለው የሚመራመሩ አሉ።»

«እንግዲያ ረሺዳ ልክ ነች!»

«እንደዚያ አላልኩም። ድንጋይ ላይ የተወቀጠ ቅጠል ጀርም ይዞ ይገባል። በምርምር አይጥን ያዳነ ሁሉ ሰውን አያድንም። መጠኑንም የሚያውቅ የለም።»

«ታዲያ መድኃኒት ነው ወይስ አይደለም?»

«እኔ አላውቅም፣ ጋሼ።»

ቲጃኒን ከበሽታው ይልቅ ይህ አስደነገጠው። አላውቅም የሚል ሐኪም አይቶ አያውቅም። ከሁለቱም እንዳይጣላ መርፌውንም ተወጋ፣ ቁስሉንም አጠበ፣ ረሺዳም ቅጠሉን እያፈላችና እያቀዘቀዘች አደረገችለት። ቁስሉ ጠገገ። ለአረፋ በእግሩ ሄዶ ሰገደ። ረሺዳ «ኤቢቻ ነው» አለች፤ ሐኪሙ «መርፌውና ዕረፍቱ ነው» አለ። ቲጃኒ ቁስሉ ላይ ሲውል በዓይኑ ያየው ቅጠሉን ነበርና ወደ ረሺዳ አደላ። ኢንሱሊን ከመድኃኒት ቤት ሲጠፋ ፈልጎ ለማግኘት አልደከመም፤ መርፌው ቀረ።

በሚቀጥለው ክረምት እሳት ሲሞቅ ፍም ቀኝ እግሩን በላው። ይህም አልተሰማውም። ረሺዳ ግራዋ ወቀጠች፣ አፈላች፣ አሰረች። ጣቶቹ ግን ጠቆሩ፤ ሐኪም ቤት ሁለቱ ተቆረጡ።

«ያው ቅጠል፣ ያው እጅ!» እያለች አለቀሰች ረሺዳ። «ምን አጥፍቼ ነው?»

«አላጠፉም» አላት ወልደሰማያት። «ስኳሩ ደሙን ሞልቶት ሳለ ቅጠል ብቻውን ምን ያድርግ?»

«ያኔ ግን ረድቶት ነበር?»

«ረድቶት ይሆናል።»

ቲጃኒ መርፌውን ከዚያ ወዲህ አላቋረጠም። በርጩማውን ተቀምጦ ይፈለፍላል፤ ረሺዳም ጠዋት ጠዋት ጫማ ሳያደርግ ውስጥ እግሩን ገልብጣ ታያለች። ቁስል ያለበት ሰው ሊጠይቀው ሲመጣ «መጀመሪያ ሐኪም ቤት» ይላል።

«ግራዋውስ?»

«ወላሂ አላውቅም» ይልና ሁለቱንም እግሮቹን ዘርግቶ ያሳያል፤ የዳነውንም ጣቶቹ የተቆረጡበትንም። ጠያቂው አንዱን አይቶ ሌላውን ሲያይ፣ ቲጃኒም አብሮት ያያል።