አባ ኮዳ ላይ የተለጠፈው ጉርድ ፎቶ

ባለፈው ቅዳሜ የልጅ ልጄ ኤፍራታ እንደ ልማዷ የምግብ ጠረጴዛዬን ወረረችው። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ሳምንቱን ሙሉ የለቃቀመችውን ኮተት ቅዳሜ ጠዋት ተሸክማ ትመጣና ትዘረግፍብኛለች፤ የተቀደደ ጋዜጣ፣ ሻይ ውስጥ ነክራ ያቀለመችው ወረቀት፣ የደረቀ ቅጠል፣ የባጃጅ መጋረጃ ቁራጭ፣ ክር፣ የሸሚዝ ቁልፍ። ይህን ሁሉ አንድ ወፍራም ደብተር ላይ ትለጥፋለች፣ በላዩ ቀለም ትቀባለች፣ ከቀለሙ በላይ ደግሞ የልቧን ትጽፋለች። ከስልኳ እያየች የተማረችው ነው። እኔም "ምሳ ልናቀርብ ነውና አንሺልኝ" እያልኩ እነጫነጫለሁ እንጂ፣ እውነቱን ለመናገር፣ የቅዳሜን ጠዋት የምወደው በሷ ኮተት ምክንያት ነው።

ያን ዕለት ግን ከሷ ወረቀቶች መሀል የእኔም ወረቀት ነበር። ከሁለት ሳምንት በፊት የልጅነት ጓደኛዬ የማርታ ታናሽ ወንድም ዮሐንስ ከቡሹሎ ድረስ መጥቶ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ሰጥቶኝ ሄዷል። እናታቸውን ከቀበርን አርባ ቀን አልፎ ነበር። "እማዬ 'ለሠራችው ይመለስላት' ብላለች" አለኝና ሻይ እንኳ ሳይጠጣ ወጣ። ጥቅሉን ከፈትኩት፤ ፎቶ የተለጠፈበት የድሮ የደብተር ገጽ ነው፤ ዓይቼ መልሼ ጠቀለልኩት። ለኤፍራታ ማሳየቴ ጥፋቱ የራሴ ነው።

ልጅቷ ገጹን ወደ መስኮቱ አስጠግታ አገላበጠችው። ሻግቷል፣ ጠርዙን ብል በልቶታል። "ሙጫው የዱቄት ነው አይደል እማማ? እርጥብ ጨርቅ ባለብሰው ፎቶው ቀስ ብሎ ይለቃል። ካጸዳሁት በኋላ አዲስ ገጽ ላይ እለጥፍልሻለሁ" አለችና እጇን ሰደደች።

"አትንኪው! ፊቷ ይቀደዳል!" ብዬ ጮህኩ።

ሁለታችንም ደነገጥን። ቤቴ ውስጥ እንዲህ የሚጮህ ሰው የለም። ጩኸቱም የእኔ አልነበረም፤ ከአርባ ምናምን ዓመት በፊት ለቅሶ ቤት ውስጥ የሰማሁት የሌላ ሴት ጩኸት ነው፣ ቃል በቃል።

ያኔ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ሰኔ ሲገባ ሴት ተማሪ ሁሉ ኦቶግራፍ ያዘጋጃል። ለማያውቁት ልንገራቸው፤ ኦቶግራፍ ማለት ከመለያየታችን በፊት ጓደኞቻችን አንድ አንድ ገጽ እንዲሞሉልን የምናዞረው ደብተር ነው። ጥያቄዎቹን ባለቤቷ ትጽፋለች፦ ሙሉ ስም፣ የምትወጂው ቀለም፣ የምትወጂው ምግብ፣ የምትጠዪው ነገር፣ የልብ ጓደኛሽ ማን ናት፣ ለእኔ ያለሽ ምክር። የሞላች ልጅ ጉርድ ፎቶዋን ትሰጣለች፤ እሱ ገጹ ላይ ይለጠፋል፣ ዙሪያው ያሸበርቃል።

ደኅና የሚባል ቤት ልጆች የተገዛ ኦቶግራፍ ነበራቸው። የነጋዴ ልጅ የነበረችው ሶፊያማ ከአዲስ አበባ የመጣላት ባለቁልፍ ነበር። አባቴ ከሰሜን ሸዋ ወደ ሀዋሳ ተዛውሮ የመጣ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ እንዲህ ላለ ነገር ኪሱ አይከፈትም። ስለዚህ የራሴን ሠራሁ። ሽፋኑ የሳሙና ካርቶን፣ ገጾቹ አባቴ ከቢሮ ያመጣቸው ጀርባቸው ያልተጻፈባቸው ወረቀቶች፣ ሙጫው የስንዴ ዱቄት። ዱቄቱን በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጬ፣ እሳት ላይ እያማሰልኩ፣ ትንሽ ጨው ጣል አደርግበታለሁ። የከረሜላ ልባስ፣ የዶሮ ላባ፣ ከሲሚንቶ ከረጢት የተቆረጠ አበባ፣ ምን ያልለጠፍኩት ነገር አለ! ክፍላችን ውስጥ እንደኔ ኦቶግራፍ የሚታይ አልነበረም። ጉራም ነበረብኝ።

ማርታን ያገኘኋት ዘጠነኛ ክፍል ነው። ቤተሰቦቿ ከከተማው ወጣ ብሎ ቡሹሎ እንሰትና በቆሎ የሚያለሙ ሲዳማዎች ናቸው። ዘንካታ፣ እግረ ረጅም፣ አንገቷን ሰገግ አድርጋ የምትሄድ ልጅ ነበረች። አራት ዓመት አንድ ዴስክ ላይ ተቀመጥን። እሷ ከቤቷ ዋሳ፣ እናንተ ቆጮ የምትሉትን፣ በጎመን ታመጣለች፣ እኔ ዳቦ በሽሮ፤ ቀያይረን እንበላለን። ክረምት ላይ ቤቷ ሄጄ አድራለሁ፣ እናቷ የበቆሎ እሸት እየጠበሱ ያጠግቡኛል። ለእኔ ከማርታ ሌላ ጓደኛ አልነበረም። ለሷም ከእኔ ሌላ የለም ብዬ ነበር የማምነው።

የመጨረሻው ፈተና ሲቃረብ ኦቶግራፌን ይዛ ሄደች። በማግስቱ መለሰችልኝ፣ ፎቶዋን ሳትለጥፍ ገጾቹ መሀል አስገብታበት። ገበያ ዳር ሳጥን ካሜራ ተክሎ የሚያነሳ ሰው ያነሳት ጥቁርና ነጭ ጉርድ ነው። እኔ ግን ፎቶውን መች ልይ፤ ዓይኔ ቀጥታ የሄደው ወደ ጥያቄዎቹ ነው። የልብ ጓደኛሽ ማን ናት? ማርታ በዚያ ቀጥ ባለ ፊደሏ "ሶፊያ" ብላ ጽፋለች።

ሶፊያ! ያቺ ባለቁልፏ! እንዴት እንደበገንኩ አልነግራችሁም። አልጠየቅኳትም። አኩራፊ ሰው ነኝ፤ ሳኮርፍ ደግሞ አፌ ይዘጋል፣ እጄ ይሠራል።

እጄ የሠራው ይኸውና። ሐይቁ ዳር አሣ አስጋሪዎች የሚጥሉትን አንጀት ሲጠብቅ የሚውለውን አባ ኮዳ የሀዋሳ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ራሱ መላጣ፣ እግሩ ሰንበሌጥ፣ ደረቱ ላይ ከረጢት የሚያንጠለጥል ግዙፍ ወፍ ነው። የማርታን ጽሑፍ ሙሉ በሙሉ በሙጫ ሸፈንኩትና በላዩ አንድ ትልቅ አባ ኮዳ ሠራሁ። ክንፉ ከዳር የለቀምኩት የእውነት ላባ ነው፣ እግሮቹ ከመጥረጊያ የመዘዝኳቸው ጭራሮዎች፣ ከረጢቱ የፈነዳ ቀይ ፊኛ። ከዚያ የማርታን ራስ ከጉርዱ ላይ በመቀስ ዙሪያውን ቆርጬ አውጥቼ አንገቱ ላይ ለጠፍኩት። መስከረም ላይ ውጤት ልናይ ስንሰበሰብ ሰው ፊት ልከፍትላት ነበር ሐሳቤ።

የትምህርት መዝጊያው ቀን በር ላይ ጠብቃኝ ነበር።

"ፎቶውን አየሽው?" አለችኝ።

"አየሁት።"

"እና ምንም አትዪም?"

"ምን እላለሁ?"

"እሺ" አለችና ወደ ቡሹሎ ወደሚወስዱት ጋሪዎች ሄደች። ከዚያ በኋላ አላየኋትም።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ የክፍላችን ልጅ እየሮጠ መጥቶ ማርታ ሞተች አለኝ። ወባ ነው፤ ሦስት ቀን አልቆየችም። ሳቅሁ። በእውነት፣ ሳቅሁ። እንዲህ ያለ ነገር ስሰማ የመጀመሪያዬ ስለነበር አፌ የሚያደርገውን አላወቀም። እናቴ በጥፊ ስታናጋኝ ነው ወደ ራሴ የተመለስኩት።

እኔና እናቴ በጭቃው መንገድ ቡሹሎ ደረስን። ዝናቡ አባርቶ ነበር፤ የእንሰቱ ቅጠል ውሃ ይንጠባጠባል። የማርታ እናት መሬት ላይ ተቀምጠዋል። እጄን ያዙና ወደ ራሳቸው ሳቡኝ።

"ፎቶ አለ አንቺ ጋ" አሉኝ። አማርኛቸው እየቆየ ነው የሚመጣላቸው። "አራት ተነሣች። ሁለቱ ከፈተናው ጋር አዲስ አበባ ሄደ። አንዱ የትምህርት ቤት መታወቂያ ላይ ነው፣ መታወቂያውን መልሳለች፣ ትምህርት ቤቱ ዝግ ነው። አንዱን ላንቺ ሰጠሁ ብላኛለች። አምጪልኝ። ፊቷን ልየው።"

"እሺ" አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?

ቤት እንደደረስን ኦቶግራፉን ከደበቅሁበት አውጥቼ ፊቷን በቢላዋ ጫፍ ልልጠው ሞከርኩ። ጨው የገባበት የዱቄት ሙጫ ደርቆ ድንጋይ ሆኗል። ጆሮዋ አካባቢ ነጭ ፍንጣሪ ተነሣ። ቢላዋውን አስቀምጬ ተውኩት። ጠፋብኝ ልበላቸው ብዬ ወሰንኩ። ይህን ስወስን ነው እናቴ ከኋላዬ የቆመችው።

"ምንድን ነው ይሄ?" አለች። ዓይታ እስክትጨርስ ጠበቅሁ። "የሞተች ልጅ ናት እኮ! አንቺ ልጅ፣ ምን ነክቶሻል?"

"ያኔ አልሞተችም ነበር" አልኩ።

እናቴ አልመታችኝም። ብትመታኝ ይሻል ነበር። "ይዘሽው ትሄጃለሽ። እኔ አልሸኝሽም። የሠራሽው አንቺ ነሽ" አለችና ወጣች።

በማግስቱ ብቻዬን ሄድኩ። ገጹን ከኦቶግራፉ ገንጥዬ በነጠላ ሸፍኜ እናቲቱ ጉልበት ላይ አስቀመጥኩት። ገለጡት። ዙሪያቸውን የነበሩት ሴቶች አንገታቸውን አሰገጉ፤ አንዷ "ወይ ጉዴ!" ብላ አፏን ያዘች። አንድ የሰፈሩ ሰው "ተላጦ ይነሣ እንጂ፣ ይሄ ምን ቀልድ ነው!" ብሎ እጁን ሲሰድ፣ ቀኑን ሙሉ ድምፃቸው ያልተሰማው የማርታ እናት ጮኹ።

"አትንኩት! ፊቷ ይቀደዳል!"

እናቲቱ አላዩኝም። ገጹን እያዩ "ሌላውን ሸፍኚልኝ" አሉ ቀስ ብለው።

ነጭ ወረቀትና መቀስ ተፈልጎ መጣ። ለቀስተኛው ሁሉ እያየኝ ወረቀቱን መሀሉ ላይ በክብ ቀድጄ ገጹን አለበስኩት፤ በቀዳዳው የማርታ ፊት ብቻ ቀረ። ወንበር ላይ አቆሙት። ሰው እየመጣ ፊቱን እያየ ያለቅሳል። እኔ ግን ከነጩ ወረቀት ሥር ያሉት ሁለት ጭራሮዎች ናቸው የሚታዩኝ። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ያፈርኩበት ቀን የለም።

በዓመቱ ልጠይቃቸው ስሄድ ነጩ ወረቀት ተነሥቷል። አባ ኮዳው እንዳለ፣ ከነእግሩ፣ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ክው ብዬ ቀረሁ። እሳቸው ግን ጣታቸውን ጭራሮው ላይ አድርገው ሳቁ።

"እግሯን አገኘሽው" አሉኝ። "እንዲህ ነበረች።"

"እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ። ተናድጄባት ነው የሠራሁት። የልብ ጓደኛዬ ብላ የሌላ ሰው ስም ጽፋብኝ ነው።"

"እኔ ማንበብ አልችልም" አሉ። "እኔ የማየው ልጄን ነው።"

እሳቸው ይቅር አሉኝ። ማርታን ግን ማን ይጠይቅልኛል? እሷ ሶፊያን መርጣ፣ እኔ እሷን አዋርጄ፣ ሂሳባችን እንደተበላሸ ቀረ ብዬ ከአርባ ዓመት በላይ ኖርኩ። አስተማሪ ሆኜ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ተማሪዎቼ ኦቶግራፍ ይሙሉልን ሲሉኝ ሰበብ እየፈለግኩ እሸሽ ነበር።

ቅዳሜ ወደ ነበርንበት ልመለስ። ከጮህኩባት በኋላ ኤፍራታ እጇን ሰበሰበች። ዓይኗ እንባ አቀረረ። አሳዘነችኝና የነገርኳችሁን ሁሉ ነገርኳት። ሰምታ ስትጨርስ "እማማ፣ እኔ አልቀድም። እርጥበቱ ራሱ አንዱን ጥግ አስለቅቆታል፣ እይው" አለችኝ። አየሁ፤ እውነቷን ነው። "እሺ፣ ግን ቀስ" አልኩ።

እርጥብ ጨርቁን አለበሰችው። ጠበቅን። ከዚያ በጥፍሯ ጫፍ፣ ትንፋሿን ይዛ፣ ትንሿን ራስ አነሣቻት። ፊቱ አልተቀደደም። መዳፏ ላይ ገልብጣ ሙጫውን ልትጠርግ ጎንበስ አለችና ቀና አለች።

"እማማ፣ ጀርባው ላይ ጽሑፍ አለ።"

ያኔ ፎቶ ለሰው ሲሰጥ ጀርባው ላይ ይጻፋል። ይህን የማያውቅ አልነበረም። እኔ የእያንዳንዷን ልጅ ፎቶ ጀርባ አንብቤ ነው የምለጥፈው፤ የማርታን ብቻ በንዴት ሳልገለብጠው ቆረጥኩት። መነጽሬን ፈልጌ አደረግኩ። ቀለሙ ሐምራዊ ሆኖ ተሰራጭቷል፣ ዳር ዳሩ በመቀሴ ተቆርጧል፤ የተረፈው ግን ይነበባል።

"...ንዳታኮርፊ። ሶፊያ ያልኩት ጓደኛ ስለተጠየቅሁ ነው። አንቺ እህቴ ነሽ፣ እህት የሚል ጥያቄ አልጻፍ..."

ከዚያ ወዲያ ያለውን መቀሴ ወስዶታል።

ተቀመጥኩ። ስድሳ ዓመት ያለፈኝ ሴት ነኝ፣ ባል ቀብሬያለሁ፣ እናት ቀብሬያለሁ፤ ያን ጽሑፍ ግን እንደ ልጅ ፊደል እየቆጠርኩ ደጋግሜ አነበብኩት። "ፎቶውን አየሽው?" ብላኝ ነበር እኮ። "አየሁት" አልኳት። "እና ምንም አትዪም?" ስትል እየጠበቀች ነበር፤ አንቺም እህቴ ነሽ እንድላት። "ምን እላለሁ?" ብዬ ሸኘኋት። ያቺ ልጅ እህትነቷን ሰጥታኝ እንቢ እንዳልኳት እያመነች ነው የሞተችው።

ኤፍራታ አዲሱን ገጽ አቀረበችልኝ። በሻይ የቀለመ፣ ጠርዙ ላይ የእንሰት ቅጠል ክር የተሰፋበት ነው። ፎቶውን በሁለት ጣቷ ይዛ "የትኛው ጎን ከላይ ይሁን? ፊቷ ወይስ ጽሑፉ?" አለች።

"በአንድ ጠርዙ ብቻ ለጥፊው" አልኳት። "የሚገለበጥ ይሁን።"

አሁን ሳሎኔ ግድግዳ ላይ ነው። እንግዳ መጥቶ "ምን ዓይነት ቆንጆ ልጅ ናት" ብሎ ሊያልፍ ሲል እጁን እይዘዋለሁ። "ገና አላየሃትም፣ ገልብጣት" እለዋለሁ።