ጉድጓድ የከለከለኝ አከራይ

ከአገር የወጣሁ ዕለት ምሽት አባቴ ሥራውን አላቋረጠም። ሻንጣዬ በር ላይ ቆሟል፣ ታክሲው ጥሩምባውን ይነፋል፣ እሱ ግን የጀመረው ኩታ ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶት ስለነበር እግሩን ከመርገጫው አላነሳም። ሽሮ ሜዳ ያደጋችሁ ታውቁታላችሁ፤ ሸማኔ ጉድጓድ አፋፍ ላይ ተቀምጦ፣ እግሩን ወደ ውስጥ ሰዶ ነው የሚሠራው። ሴት ትፈትላለች እንጂ እዚያ አትቀመጥም። እኔ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ የተመኘሁት እዚያ መቀመጥ ነው።

"አባዬ፣ ዛሬ እንኳ መወርወሪያውን አንዴ ልወርውር" አልኩት።

"ሂጂ ልጄ፣ አውሮፕላን አይጠብቅም" አለኝ። ተናድጄ ወጣሁ።

ለንደን የደረስኩት በሐምሌ ነው። በጋ ነው አሉኝ፤ እኔ ግን ክረምታችን ተከትሎኝ የመጣ መስሎኝ ነበር። ለመኖሪያ ፈቃድ ሲጠይቁኝ ሥራሽ ምንድን ነው ተባልኩ። "ፈታይ ነኝ" አልኩ። አስተርጓሚዋ እዚሁ የተወለደች ጨዋ ልጅ ናት፤ ቃሉን ሰምታው ስለማታውቅ "ፈት" ያልኩ መሰላትና ባሏን የፈታች ናት ብላ ተረጎመችው። ጠያቂው ሰውዬ ጻፈና፣ "አዝናለሁ፤ የጠየቅኩት ግን ሥራሽን ነው" አለኝ። ባል ሳላይ ፈት ሆኜ አረፍኩት።

ፈቃዱ መጣ። ክላፋም ልብስ ማጠቢያ ቤት ሥራ ገባሁ፤ ፊንስበሪ ፓርክ ጓሮ ያላት አንዲት ክፍል ተከራየሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ኬኒንግተን ውስጥ ሱፍና ጥጥ የሚሠሩ ሴቶች ከሚሰበሰቡበት ቤት መሄድ ጀመርኩ። ከፀጉር የቀጠነ ፈትሌን አይተው ጉድ አሉ። ሱዛን የምትባለው አሮጊት ሱፍ እየጠቀጠቀች ባርኔጣ የምትሠራ ናት፤ "ኤግዚቢሽን አለን፣ አንቺም አፕላይ አድርጊ። ሸማኔ ነሽ አይደል?" አለችኝ። እኔ ዓይኔን በጨው አጥቤ "አዎ" አልኩ። ስድስት ሳምንት ነበረኝ፤ መወርወሪያ ደግሞ በሕይወቴ ወርውሬ አላውቅም።

አከራዬን ሚስተር አንድሪያስን ለመንኩት።

"ጓሮው ውስጥ ጉድጓድ ልቆፍር?"

"ምን ያህል?"

"እግር የሚያስገባ።"

"እግር ብቻ? ወይስ የቀረውም አካል ይገባል?"

"እኔ ነኝ የምቀመጥበት።"

"ኮንትራቱን ቼክ ላድርግ" ብሎ ሄደ። በማግስቱ ሚስቱን ይዞ መጣና ጓሮውን ሁለቴ ዞሩት። ኮንትራቱ ላይ ማጨስ ክልክል ነው፣ ውሻ ክልክል ነው ከሚለው በታች በእጁ ጽሁፍ "ጉድጓድ ክልክል ነው" የሚል ተጨምሮበት ደረሰኝ።

ሳቄ እንባ ሆነ። ለሱዛን ስነግራት፣ "ወለሉ ዝቅ ካላለ ለምን አንቺ ከፍ አትዪም?" አለችኝ። ዕቃ የሚጫንባቸውን የተጣሉ የእንጨት ርብራቦች ከመንገድ ለቅመን ደራረብናቸው፤ መሀሉን ክፍት ተውነው፤ ከሱዛን የተዋስኩትንም የሽመና ዕቃ ከላዩ ገጠምን። እግሬን ሰድጄ ተቀመጥኩ። እንግዲህ የሽሮ ሜዳ ሰው ጉድ ይበል፣ ጉድጓዴ ከመሬት በላይ ነው።

የመጀመሪያው ሳምንት ድሩ እየተበጠሰ አቃጠለኝ። እጄ ሥራውን አያውቀውም፤ ዓይኔ ግን ሃያ ዓመት ከአባቴ ጀርባ ቆሞ ተምሮታል፤ እሱን እያስታወስኩ ቀስ በቀስ እጄን አስተማርኩት። ለጥለቱ ቀለም ከሐበሻ ምግብ ቤቶች የሽንኩርት ልጣጭ በከረጢት ሰበሰብኩ። ወጣችን ስንት ሽንኩርት እንደሚበላ ታውቃላችሁ፤ ሱዛን ብትቀቅለው የመስቀል አበባ የመሰለ ቢጫ ወጣ።

ኩታዬ በቀኑ ኤግዚቢሽኑ ላይ ተሰቀለ። ከሥሩ ስሜ፣ ከስሜ ሥር ደግሞ "ዊቨር"፣ ሸማኔ የሚል ተጽፏል። አገር ቤት ሸማኔ ብለው ሲሰድቡን ነው ያደግነው። እዚህ ሰው ሁሉ ከፊቱ ቆሞ ፎቶ ያነሳዋል። ደስታዬን አልደብቅም፣ አለቀስኩ።

እዚያው ቆሜ ለአባቴ በቪዲዮ ደወልኩ።

"ገልብጪውና ጀርባውን አሳዪኝ" አለ። አሳየሁት። ዓይኑን ወደ ስልኩ አስጠጋ። "እዚህ ጋ ማጉን አጥብቀሽ መትተሽዋል። ተናደሽ ነበር።"

"አዎ።"

"በማን?"

"በአንተ፣ አባዬ።"

"ተናደሽም ዳሩ አልተጣመመም" አለ። "እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሌላ ሰው የሸመነውን ለብሼ አላውቅም። አንድ ጋቢ ሥሪልኝ።"

"በሰው እልከዋለሁ" አልኩት፤ አገር ቤት ደርሼ የምመለስበት ወረቀት ገና አልተሰጠኝም።

"በሰው አይሆንም፤ ራስሽ ታለብሺኛለሽ" አለኝ።

በማግስቱ የጋቢውን ድር ዘረጋሁ።