የትኛው በሬዝ?

ከባለቤቴ ከፈረደ ጋር መጨረሻ የሠራነው ሥራ የዶቅዶቄውን የአየር ማጣሪያ ማጠብ ነበር። የኢራቅ ሚሳይል እስራኤል ላይ ይወድቅ በነበረበት ዓመት፣ በሙቀቱ ወራት፣ አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነው። እሱ የማጣሪያውን ስፖንጅ በሳሙና ያሻል፤ እኔ ውሃ አፈስሳለሁ። ሲደርቅ ቦታው መለሰውና ሞተሩን አስነሥቶ አዳመጠ።

"ሰማሽ? ከእኔ የሚበልጥ ሽማግሌ ነው፤ ግን ሳል የለበትም" አለኝ።

"ሰንበት ሊገባ ነው፤ ተወውና ታጠብ!" ብዬ ጮህኩበት። ሳቀና ሞተሩን አጥፍቶ ገባ። በማግስቱ ከጸሎት ተመልሶ ጋደም አለ። በዚያው አልተነሣም።

ከሐዘኑ በኋላ ዘመዶቼ "ይህን አሮጌ ብረት አውጥተሽ ጣይው" ይሉኝ ጀመር። እኔ ግን ድምፁን ፈለግሁ። ፈረደ ከሥራ ሲመለስ ከሰፈራችን ውጭ ካለው ከሺምሾን መታጠፊያ ጀምሮ የምለየው ድምፅ ነበር። ፎቶግራፍ አለኝ፣ ልብሱም አለ፤ ድምፅ ያለው ግን ዶቅዶቄው ብቻ ነው።

ሁለት ወር እንዳለፈ ጎረቤታችንን ኒሲምን ለመንኩት። ጡረታ የወጣ መካኒክ ነው። አማርኛ አያውቅም፤ የምንግባባው በእኔ ስብርባሪ ዕብራይስጥ ነው። "ለፈረደ ስል አስነሣዋለሁ" ብሎ መጣ። እኔ ግቢው ውስጥ በጎማ ቱቦ አትክልት አጠጣ ነበር። እሱ የዶቅዶቄውን ማስነሻ አንዴ ረገጠው፣ ሁለቴ ረገጠው። በሦስተኛው ሞተሩ አሳለና ከጎኑ እሳት ተፋ። ማጣሪያው ተያያዘ።

ቱቦውን ወደ እሳቱ አዞርኩ። ነበልባሉ ከውሃው ጋር ተረጨና ሰፋ። ኒሲም በዚያኛው ወገን ሸሚዙን አውልቆ እየመታ "ቲስገሪ ኤት ሃበሬዝ!" ብሎ ጮኸ። በሬዙን ዝጊ ማለቱ ነው። ዕብራይስጥ ስማር ገና በመጀመሪያው ሳምንት፣ በሬዝ ማለት የውሃ ቧንቧ ነው ተብዬ ተምሬያለሁ። ውሃውን ተይ ያለኝ መሰለኝ። ሮጬ ከግድግዳው ላይ ያለውን ቧንቧ ዘጋሁ።

"ሃበሬዝ! ሃበሬዝ!"

"ሳጋርቲ! ዘጋሁት እኮ!"

"ሴትዮ፣ ሰፈሩን ልታቃጥይው ነው?"

እኔም ተናደድኩ። መዳፌ እስኪላጥ ድረስ የተዘጋውን ቧንቧ እንደገና አጠበቅሁት። በመጨረሻ ኒሲም ራሱ እጁን እሳቱ ውስጥ ሰዶ ከዶቅዶቄው ታንክ ሥር ያለች ትንሽ መዝጊያ ጠመዘዘ። አሸዋ ደፋበት። ማጣሪያው፣ ወንበሩና ሽቦው ሁሉ ነዶ ነበር። የእሱም እጅ ውሃ ቋጠረ።

ልጄ ራሔል ከትምህርት ቤት መጥታ ስንነግራት "ኢማ፣ የቤንዚኑም እኮ በሬዝ ነው የሚባለው!" ብላ ሳቀች። ፊቴን ስታይ ለኒሲም እጅ ጨርቅ አመጣች።

ኒሲም እጁን በጨርቅ ጠቅልሎ ምክንያቱን ነገረን። የቤንዚኑ በሬዝ እነዚያን ሳምንታት ሁሉ ክፍት ኖሯል። ቤንዚኑ በጠብታ እየፈሰሰ ስፖንጁን አርሶታል። "ፈረደ ሳይዘጋ አይሄድም ነበር፤ ምን ነካው?" አለ።

ምን እንደነካው አውቃለሁ፤ ግን አልነገርኩትም።

ሰው ሁሉ "ምን አለበት፣ ብረት ነው" ይለኛል። ይህን በሰማሁ ቁጥር እበሽቃለሁ። ሳያይ በረገጠው በኒሲም እናደዳለሁ። ለሁለት ነገር አንድ ስም በሚሰጥ ቋንቋ እናደዳለሁ። ከሁሉም በላይ በፈረደ። በኖርንበት ዘመን ሁሉ ስጮህበት እሺ ብሎኝ አያውቅም። ያን ዓርብ ብቻ፣ ተወውና ታጠብ ስለው፣ እሺ አለኝ።

ኒሲም ዶቅዶቄውን ጠግኖልኛል። ይነሣል፤ ግን ድምፁ ያ አይደለም፤ ያስላል።

አሁን ዓርብ ዓርብ ሰንበት ሳይገባ እወጣና ከታንኩ ሥር ያለውን በሬዝ መዘጋቱን በእጄ አያለሁ።