የተገለበጠ ማልያ

አሁንም ሳስታውሰው ደሜ ይፈላል። የሴቶች ቡድናችን አሰልጣኝ የራሱ ሕግ ነበረው፤ በጨዋታ የተሳሳተች ልጅ ማልያዋን ገልብጣ ለብሳ እስከ ቤቷ ትሄዳለች። «ኀፍረት ያስተምራል» ይላል። ወይ ማስተማር!

የቃሊቲ ሰው ደግሞ ምን ያመልጠዋል። ከሜዳ ስንወጣ የጭነት መኪና ረዳቶች ሳይቀሩ «የዛሬዋ ባለተራ ማናት?» እያሉ ይጠብቁናል።

በረኛዋ ጓደኛዬ ነበረች፤ የአንድ ግቢ ልጆች ነን። እናቷ ማረሚያ ቤቱ ፊት ለፊት ለጠያቂዎች ውሃና ብስኩት ይሸጣሉ። ማልያዋን ገልብጣ በዚያ ስታልፍ ነጋዴው፣ ጠባቂው፣ ሁሉም ይስቃል፤ እናቷ አንገታቸውን ይደፋሉ። ሁለት ጊዜ እንዲህ አለፈች። «አንድ ጊዜ ከደገመኝ በቃኝ፣ ኳስ አቆማለሁ» አለችኝ። ያቺ ልጅ ደግሞ ከኳስ በቀር የምትወደው ነገር አልነበራትም።

እኛስ ምን ተማርን? ኳስ መሸሽ! አማካይዋ ወደ ኋላ ትመልሳለች፣ ተከላካይዋ ወደ ውጭ ትጠልዛለች። ኳሷን መጨረሻ የነካች መባል ማንም አትፈልግም። አሰልጣኙ ዳር ቆሞ «ድፈሩ እንጂ!» እያለ ይጮኻል። በምን አንጀታችን እንድፈር፣ አንተ ሰውዬ?

የመጨረሻው ጨዋታ ላይ እኩል ለእኩል ሆነን ሳለ፣ አንዲት ቀርፋፋ ኳስ በእኔና በበረኛዋ ጓደኛዬ መሀል መጣች። እኔ በእግሬ ላወጣት እችል ነበር። እሷም ጎንበስ ብላ ልታነሳት ትችል ነበር። ተያየን። «የኔ!» የምትል ጠፋች። ኳሷ እየተንከባለለች በመሀላችን አልፋ ገባች። በዚያችው ጎል ተሸነፍን።

ጨዋታው ሲያልቅ አሰልጣኙ መሬት ላይ አስቀመጠን። ሁለታችሁም ለምን ፈራችሁ ብሎ አልጠየቀም። «የማን ኳስ ነበረች?» አለ፣ በቃ።

«የኔ» ብል ምን እሆን ነበር? ያቺን ማልያ ገልብጬ ብሄድ እሞት ነበር? እጄን አንስቼ ወደ እሷ ጠቆምኩ።

ብድግ አለች። ማልያዋን ገልብጣ ለበሰች፣ ጓንቷን አውልቃ ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝና ሄደች። ከዚያ ወዲህ ሜዳ አልረገጠችም።

ሰውዬው ዛሬም ያሰለጥናል አሉ። ልረግመው አፌን በከፈትኩ ቁጥር፣ ያቺ የጠቆምኩባት ጣቴ ትዝ ትለኛለች።