አህያ የበላው ስንዴ

ወረታ ገበያ ውስጥ ደላላው ቆርቆሮ ልገዛበት ካመጣሁት ስንዴ ውስጥ ክንዱን እስከ ክርኑ ከትቶ ሲዝቅ፣ የአዲስ እህል አቧራ አፍንጫዬን ኮረኮረው። ዋጋውን ሲነግረኝ ግን ማስነጠሴን ረሳሁት።

ልጅ ሳለሁ አባቴም እዚሁ እንዲህ ክው ብሎ ነበር። የዓመት ልብሳችንን ሊገዛበት ስንዴ ጭነን መጥተናል። ነጋዴው የወረደ ዋጋ ጠርቶ፣ «አሁን አጨዳ ነው፣ አገሩ ሁሉ አምጥቷል። ካልፈለግህ መልሰህ ጫነው» አለው።

አባቴ የጆንያውን አፍ ፈታና አህያችን ፊት አቆመው።

«ብላ አንተ! ከይፋግ ድረስ የተሸከምኸው አንተ ነህ። እሱ ምን ተሸከመ?»

አንዲት ፍሬ ስትረገጥ የሚቆጣው አባቴ! የሚሰማው አህያው ሲቆረጥም ብቻ ነበር። እኔ ሞኙ ደግሞ አዲሱ ቁምጣዬ በአህያ ጉሮሮ ሲወርድ እያየሁ እንባዬን አዘራለሁ።

«አባባ፣ ይሸጣሉ ወይስ አይሸጡም?» አለኝ የዛሬው ደላላ።

የጆንያዬን አፍ እንደጨበጥሁ ዞር ዞር ብዬ አየሁ። ስንዴዬን ያመጣሁት በባጃጅ ነው፤ ባጃጅ ደግሞ ስንዴ አይበላም። በአካባቢው ያለው አህያ እኔው ብቻ ነበርሁ።