ሰላምታ ሳያልቅ የተላከ መርዶ

ደግፌ ችኩል ነው። ታክሲ ሳይቆም ይወርዳል፣ ሰው ሳይጨርስ ይመልሳል። «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» ሲሉት «ዘመኑ የፍጥነት ነው» ይላል። አየር ጤና ባለች ጠባብ ቢሮው የኮምፒውተር ፕሮግራም የሚጽፈው ይህ ሰው፣ የኮልፌን የሰፈሩን እድር ጡሩንባ ነፊ አሳርፎ በስልክ መተግበሪያ የተካ ጊዜ ደረቱን ነፍቶ ሰነበተ።

ስልክና ሰርቨር፣ ማለትም መልእክት ተቀብሎ ለሁሉም የሚያደርሰው ኮምፒውተር፣ እንደ ጨዋ ሰው ሰላምታ ተለዋውጠው ነው ጉዳይ የሚያወሩት። መስመር ተቋርጦ ሲቀጠል ግን የቀድሞውን ትውውቅ ተማምኖ መልእክትን ከሰላምታው ጋር አብሮ መላክ ይቻላል። ሰርቨሩ «አላስታውስህም» ካለ ያ የቀደመ መልእክት ይጣላል፤ ሰላምታው እንደ አዲስ ካለቀ በኋላ እንደገና መላክ አለበት። ደግፌ ፊተኛውን ጻፈ፣ ኋለኛውን፣ የተጣለውን እንደገና መላኩን፣ ለነገ አሳደረው። ነገም እንደ ልማዷ ሳትመጣ ቀረች።

የእድሩ አባል አባባ ማርቆስ ያረፉ ዕለት መርዶውን የላከው ራሱ ነው። ስልኩ «ተልኳል» አለው። ነጠላውን ደርቦ ለቅሶ ቤት ከሁሉ ቀድሞ ደረሰ፤ «ዛሬስ አንደኛ ወጣሁ» ብሎም ተደሰተ፣ ሞኝ።

ሰው ግን አልመጣም። ድንኳን የሚተክል የለም፣ ቀብሩ ደግሞ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ባለቤታቸው እማማ ሸዋገነት «ልጄ፣ ማርቆስን ብቻዬን ልቀብረው ነው እንዴ?» አሉት።

«ኔትወርክ ይሆናል፣ እማማ» አለ፣ ምላሱ ለምዶበት። ስልኩን ቢያየው መርዶው ለራሱም አልደረሰውም። ትናንት ሰርቨሩ ስልኮቹን የሚያስታውስበትን ምስጢራዊ ቁልፍ የቀየረው ማን ሆነና! ሰርቨሩ የድሮ ወዳጆቹን ሁሉ ረስቶ መልእክቱን ጥሎታል፤ የደግፌ መተግበሪያም የተጣለውን እንደ ደረሰ ቆጥሮታል።

እንደገና ላከው፤ ግን የገዛ እጁን ሥራ ማመን አቃተው። ነጠላውን አንገቱ ላይ ጠምጥሞ ከደጅ ደጅ ሮጠ። በመጀመሪያው ደጅ ገና ሳይከፈትለት «አባባ ማርቆስ ሞቱ!» ብሎ ጮኸ። «ማነው?» የሚል ድምፅ መጣ። ስሙን ተናገረ፣ እንዴት ዋላችሁ አለ፣ መርዶውን እንደ አዲስ ጀመረ።

ቀብሩ ሳይደርስ ግቢው ሞላ። እማማ ሸዋገነት አቀፉት። «አንተ ባትሮጥልኝ ምን ይውጠኝ ነበር!»

«ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እማማ» አለ። አልቃሾቹ ድምፁን ዋጡት። ተናግሬያለሁ ብሎ ሊሸሽ ዳዳው። ከዚያ አፈረ፤ ለቅሶው ጋብ እስኪል ቆሞ፣ ዓይን ዓይናቸውን እያየ ደግሞ ነገራቸው።

እማማ ሸዋገነት ነጠላውን ከአንገቱ ፈተው ትከሻው ላይ አስተካከሉለት።

«እንግዲያው ለሠልስቱም በእግርህ ዞረህ ትጠራልኛለህ» አሉት።