የማኒላዋ ልጅ መርዶ

የፊሊፒንስን ሲኒማ ታሪክ ለማስተማር የመረጥኩት፣ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ተሳስተሃል የሚለኝ ሰው እንደማይኖር ስለማውቅ ነው። ኮሌጁ ስለ አንድ የእስያ ሀገር ፊልም ኮርስ አዘጋጅ አለኝ። ህንድን ተማሪዎቼ ከእኔ በላይ ያውቁታል፤ ኮሪያንም እንዲሁ። ፊሊፒንስ ግን የእኔ ብቻ ሆነች።

ማንበብ ስጀምር ኩራቴ በረደ። ሲኒማ እዚያ የደረሰው የስፔን አገዛዝ ሊያበቃ ሲል ነው፤ ብዙም ሳይቆይ አሜሪካኖች ተተኩ። ከዓለም ጦርነቱ በፊት ከተሠሩት ፊልሞች የተረፉት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። የቀሩት ተቃጥለዋል፣ ወይም በሙቀትና በእርጥበት ተበላሽተዋል። ስለዚህ የታሪክ ጸሐፊዎቹ ስላላዩት ፊልም ጻፉ፤ እኔም የእነሱን አንብቤ ላላዩት አስተምራለሁ። ከጦርነቱ በኋላ ትልልቆቹ ስቱዲዮዎች ሕዝቡን ሲያስለቅሱ ኖሩ። አንድ አምባገነን ሀገሪቱን በገዛበት ዘመን ጎበዞቹ ዳይሬክተሮች ካሜራቸውን ይዘው ድሆች ሰፈር ገቡ፤ ሳንሱሩም ተከተላቸው። በኋላ ሰዉ ለሥራ ወደ ሰው ሀገር ሲጎርፍ ፊልሙም አብሮ ተሰደደ፦ ሻንጣ፣ ኤርፖርት፣ ስልክ ይዛ የምታለቅስ እናት።

የእኔ እናት ከይጁቤ መጥታ ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው። እህቴ ለቤት ሠራተኝነት ዓረብ ሀገር ከሄደች ሁለት ዓመት አልፏታል፤ ስልኳ ከተዘጋ ደግሞ አምስተኛ ወሩ ነበር። መዘጋቱን እናቴ አታውቅም። ደም ግፊት ስላለባት "ሥራ ቦታ ደውላልኝ ነበር፣ ደህና ናት" እያልኩ በየሳምንቱ እዋሻታለሁ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ለክፍል የመረጥኩትን ፊልም በላፕቶፕ ስከፍት አጠገቤ ተቀመጠች። ሰው ቤት ልትሠራ ከማኒላ የወጣች ልጅ ታሪክ ነው። ከሥሩ የሚወጣውን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ እያነበብኩ ተረጎምኩላት። አሠሪዋ ልጅቷን ከደረጃ ላይ ስትገፈትራት መብራት ጠፋ፤ የላፕቶፔ ባትሪ ድሮ ሞቷል።

መብራቱ ሦስት ቀን አልመጣም። እናቴ በየጠዋቱ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ "ያቺ ልጅ እንዴት ሆነች?" ትለኛለች።

"ደህና ናት።"

ፊልሙን ቀደም ብዬ አይቼው ነበር። ልጅቷ የምትመለሰው በሬሳ ሳጥን ነው።

መብራቱ ሲመጣ ጭንቅ ያዘኝ። መጨረሻውን ላሳያት አልደፈርኩም። ውሸቱም ስለበዛብኝ አንዱን እንኳ ልቀንስ ብዬ የንስሐ አባቷ ዘንድ ሄድኩና ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የፊልሙን ማለቴ ነው።

"የሞተችው ምናችሁ ናት?" አሉኝ።

"የፊልም ልጅ ናት፣ አባ። ፊልሙም ከተሠራ ሃያ ዓመት ሆኖታል።"

"እናትህ ካዘነችላት ለእሷ ሞት ነው። መርዶ ደግሞ በወጉ ነው የሚነገረው።"

በወጉ መጡ። በማግስቱ ገና ጎህ ሲቀድ አባና ሁለት የጎረቤት ሽማግሌዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ድምፅ ሳያሰሙ ገብተው ተቀመጡ። እኔ ነገሩ አስቆኝ፣ ለተማሪዎቼ እንዴት አድርጌ እንደማወራው በልቤ እያሰናዳሁ ነበር።

እናቴ ከጓዳ ወጥታ አየቻቸው። በእኛ ሀገር በዚያ ሰዓት ተሰብስቦ የሚመጣ ሽማግሌ የሚናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው። የእህቴን ስም ጠርታ ወለሉ ላይ ወደቀችና ደረቷን ትደቃ ጀመር።

"እሷ አይደለችም፣ እማዬ፤ የፊልሟ ልጅ ናት" አልኳት እጆቿን ይዤ። አባም "የፊልሟ ናት፣ ልጄ፣ የፊልሟ" እያሉ ደጋገሙላት።

እስኪገባት ቆየ። ከዚያ እጆቿን ወደ ላይ ዘርግታ "ተመስገን" አለች። ሰው ሊያጽናኑ የመጡት ሁሉ ለአንዲት ልጅ ሞት ተመስገን አሉ። ሽማግሌዎቹ እፎይ ብለው ተነሡ፤ አንደኛው እየሳቁ ከዘራቸውን መፈለግ ጀመሩ።

እናቴ ግን አልሳቀችም። ከወለሉ ላይ ቀና ብላ አየችኝ።

"ሦስት ቀን ሙሉ ደህና ናት ስትለኝ፣ መሞቷን ታውቅ ነበር?"

"አዎ፣ እማዬ።"

"እህትህንም ደህና ናት ነው የምትለኝ።"

አፈርኩ፣ ፈራሁም፤ አጠገቧ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

ሽማግሌዎቹ ይህን ሲያዩ ተመልሰው ተቀመጡ።